ሳያድግ ያረፈ የቤተሰብ ልጅን አሻራ እንዴት እንፈልግ? ደረጃ በደረጃ

«እናቴ ከእኔ በፊት አንድ ልጅ ነበረኝ ትላለች። ከዚያ በላይ ምንም አላውቅም። ከየት ልጀምር?»

የቤተሰቤን የዘር ሐረግ መሰብሰብ ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ጥያቄ የማይጠይቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ወንድሙን ይፈልጋል፤ አንዳንዷ አክስቷን። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ስመልስ የማነሳው አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ ሙሉውን እዚህ ጽፌዋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ትንሽ ልጅ የራሱ ወረቀት የለውም። ትምህርት ቤት አልገባም፤ መታወቂያ አላወጣም፤ የፈረመው ነገር የለም። ያለው በሌሎች ሰዎች ወረቀት ጠርዝ ላይ ነው። በእናቱ ካርድ፣ በአባቱ የእድር መዝገብ፣ በክርስትና እናቱ ትዝታ፣ ከእሱ በኋላ በተወለደው ልጅ ስም ውስጥ። ስለዚህ የምትፈልጉት ልጁን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው የነበሩትን ሰዎች ሁሉ ነው።

ምሳሌ የማደርገው የእናቴን ታላቅ እህት ነው። ፍለጋውን ስጀምር በእጄ የነበረው የአያቴ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ያቺ ልጅ አልቆየችም።»

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ለዚህ ጉዳይ ብቻ የምትመድቡት ደብተር።
- እርሳስ። በአሮጌ ወረቀት አጠገብ እስክሪብቶ አትያዙ፤ አንዴ ከነካ አይለቅም።
- ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ።
- ንጹሕ የወረቀት ፖስታዎች። ፎቶና ካርድ በፌስታል አታስቀምጡ፤ እርጥበት ይይዛል።
- የራሳችሁ መታወቂያ፣ ቢቻል ዝምድናችሁን የሚያሳይ ወረቀት።
- ጊዜ። በአንድ ቅዳሜ አያልቅም።

1. የልጁን ስሞች ሁሉ ጻፉ

አንድ ልጅ ቢያንስ ሦስት ስም ሊኖረው ይችላል። አባት ያወጣው ስም፣ ቤት ውስጥ የሚጠራበት ስም፣ የክርስትና ስም። ቤት ውስጥ «ሚሚ» ስትባል የኖረች ልጅ በደብሩ መዝገብ «ወለተ ጊዮርጊስ» ሆና ትገኛለች። አያቷ ደግሞ በሌላ ስም ይጠሯት ይሆናል። ይህን ያላወቀ ሰው መዝገቡን ገልብጦ «የለችም» ብሎ ይመለሳል።

ከስሞቹ ሥር የአባትን ሙሉ ስም ከነአያት፣ የእናትን ሙሉ ስም፣ የነበሩበትን ሰፈርና ደብር ጻፉ። ሰፈሩን በጊዜው ይጠራበት በነበረው ስም አስፍሩት።

2. ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ ግን አያያዙን እወቁ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይቀድማል። ወረቀት ይጠብቃል፤ የሰማንያ ዓመት እናት ግን አትጠብቅም።

ማስጠንቀቂያ፦ ልጅ የቀበረች እናት ሃምሳ ዓመት ቢያልፍም ቁስሏ አልሻረም። በበዓል ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ወይም ከለቅሶ ቤት እንደተመለሰች አትጠይቋት። ድምፅ የምትቀዱ ከሆነ አስፈቅዱ። ዝም ካለች ዝም በሉ። ወሬ ከቀየረች ቀይሩ። ሌላ ቀን ራሷ ታነሳዋለች።

«መቼ ሞተች? በምን ሞተች?» ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ መልሱ «እኔ እንጃ» ነው። ትዝታ የሚመጣው በቦታና በነገር ነው። እኔ አያቴን ቡና ስታፈላ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ «እማማ፣ ያኔ የት ቤት ነበራችሁ?» አልኳት። ቤቱን ነገረችኝ። ከቤቱ ወደ ጎረቤቶቹ ሄደች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «አስተርእዮ ማርያም ዕለት ነው የወለድኳት። ሐሙስ ነበር። የሐሙስ ገበያ ስለነበር ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም። ጎረቤቴ ናት የደረሰችልኝ።»

ይህች አንዲት መልስ ወር፣ ቀን፣ ዕለትና አንድ ምስክር ሰጠችኝ። ዓመቱ ብቻ ቀረ።

ሌሎች የሚሠሩ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

- ስትወለድ ዝናብ ነበር ወይስ በጋ? ጾም ገብቶ ነበር?
- አራስ ሆነሽ ማን ይጠይቅሽ ነበር? ክርስትና እናቷ ማን ነበረች?
- መሄድ ጀምራ ነበር? መናገርስ? (ዕድሜን ለመገመት ከ«ስንት ዓመቷ ነበር» ይህ ይሻላል።)
- ታላቁ ልጅ ያኔ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር?
- በሽታውን ሰዉ ምን ይለው ነበር?

የመጨረሻው ጥያቄ ዘመን ለመለየትም ይረዳል። «ፈንጣጣ ወሰደው» ከተባለ ልጁ ያረፈው ከ1968 ዓ.ም. በኋላ አይደለም ለማለት ይቻላል፤ በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተመዘገበው በነሐሴ 1968 ነው። ኩፍኝ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ ሲሉ ግን እንደተባለው ጻፉት። «ምች ነው»፣ «ዓይን ነው» ቢሉም ቃሉን እንዳለ አስፍሩ። በራሳችሁ ግምት ወደ ሐኪም ቋንቋ አትተርጉሙት፤ ከተሳሳታችሁ ስሕተቱ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።

እናት ብቻ ሳትሆን የእናት እህቶችን፣ የድሮ ጎረቤትን፣ ቤት ውስጥ ያደገችውን ሠራተኛም ጠይቁ። እናት የማትናገረውን አክስት ትናገራለች።

3. ቤት ውስጥ ያለውን ወረቀት ሁሉ አውጡ

ከቁም ሳጥን በላይ ያለው ሻንጣ፣ የብረት ሳጥን፣ የአባት ቦርሳ። በተለይ እነዚህን ፈልጉ፦

ዳዊትና መጽሐፍ ቅዱስ። ብዙ አባቶች የልጆቻቸውን ልደት የሚጽፉት ባዶው የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። በአያቴ ባል ዳዊት የኋላ ሽፋን ውስጥ፣ የሻማ ጠብታ ካረፈበት ጎን፣ በደበዘዘ ቀለም «ጥር ፳፩ ተወለደች» ይላል። ስም የለ፣ ዓመት የለ። ግን አያቴ ከነገረችኝ ጋር ገጠመ። ቁጥሩ በግዕዝ ከሆነ ተጠንቀቁ። ፳፩ 21 ነው፤ ፲፱፻፷፪ ደግሞ 1962። በእጅ ጽሑፍ ፮ እና ፯ በቀላሉ ይምታታሉ።

ፎቶ። ጀርባውን እዩ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ቀን፣ «ለማስታወሻ» የሚል ጽሑፍ ይኖራል። አልበም ላይ በሙጫ የተጣበቀ ከሆነ አትላጡት፤ ከነገጹ አንሱት። በቡድን ፎቶ ላይ ማንም ስሟን የማያነሳት ሕፃን በሰው ጭን ላይ ካለች ልብ በሉ።

የክትባት ካርድ። መደበኛው የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ ካርድ ሊኖረው ይችላል። በካርዱ ላይ የመጨረሻው ክትባት የተሰጠበት ቀን ልጁ እስከዚያ ድረስ በሕይወት እንደነበር ያረጋግጣል።

የድሮ ደብዳቤ። «ልጆቹ ደህና ናቸው» ተብሎ ስማቸው በተራ ሲዘረዘር፣ በአንዱ ደብዳቤ ያለው ስም በሚቀጥለው ከጠፋ በሁለቱ መካከል አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

ያገኛችሁትን ሁሉ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱ፤ ፍላሽ አጥፉ። ዋናውን ከባለቤቱ ቤት አታውጡ።

4. የወንድምና የእህቶችን ስም አንብቡ

ልጅ ከቀበሩ በኋላ የሚወለድ ልጅ ስሙ ብዙ ጊዜ ይናገራል። ካሳ፣ ካሳሁን፣ ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ፤ እነዚህ ስሞች ከፊታቸው የሄደ ሰው እንደነበረ ይጠቁማሉ። ኑርልኝ የሚል ስም ደግሞ ከአንድ በላይ ልጅ ያጣ ቤት ምኞት ሊሆን ይችላል።

ልጆቹን በልደት ቅደም ተከተል ደርድሩ። በሁለት ልጆች መካከል ከሌሎቹ የሰፋ ክፍተት ካለ ምልክት አድርጉበት። በእኛ ቤት የመጀመሪያው ልጅ 1960 ተወለደ፤ ቀጣዩ በሕይወት ያለው አጎቴ 1966። ስሙ ካሳሁን ነው። ያቺ ልጅ የነበረችው በዚህ የስድስት ዓመት ክፍተት ውስጥ ነው።

ስሙ ግን ማስረጃ ሳይሆን ጥቆማ ነው። ካሳሁን የተባለው በአያት ሞት ምክንያትም ሊሆን ይችላል። ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

5. ዓመቱን አስሉ

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። ወርና ቀን ይታወቃል፤ ዓመቱ አይታወቅም። ዕለቱን ካወቃችሁ ግን ዓመቱን ማጥበብ ትችላላችሁ።

መስከረም 1 በየትኛው ዕለት እንደዋለ ለማወቅ እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ።
ለ. ድምሩን ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪውን ተዉት።
ሐ. የ«ሀ»ን እና የ«ለ»ን ውጤት ደምሩና ለ7 አካፍሉ።
መ. ቀሪው 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ 0 ከሆነ ሰኞ ነው።

ለ1962 እንሞክረው። 5500 ሲደመር 1962፣ 7462 ነው። ለ4 ሲካፈል 1865። ሁለቱ ሲደመሩ 9327። ለ7 ሲካፈል ቀሪው 3። ስለዚህ የ1962 እንቁጣጣሽ ሐሙስ ዋለ።

ወራቱ 30 ቀን ስለሆኑ የእያንዳንዱ ወር መባቻ ካለፈው ወር መባቻ በሁለት ዕለት ይገፋል። መስከረም 1 ሐሙስ ከሆነ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ እያለ ይሄዳል። ጥር 21 ደግሞ ለእኔ የተመቸ ቀን ነው፤ ምንጊዜም እንቁጣጣሽ በዋለበት ዕለት ይውላል።

ከ1955 እስከ 1965 ያሉትን ዓመታት አንድ በአንድ ሳሰላ ጥር 21 ሐሙስ የዋለው በ1956 እና በ1962 ብቻ ሆኖ አገኘሁት። አያቴ ያገባችው በ1958 ነው። ስለዚህ 1962። ክፍተቱ ውስጥም ይገባል።

ዕለቱን የማያስታውስ ሰው «በዘመነ ሉቃስ ነው» ሊላችሁ ይችላል። ይህም ይሰላል። በ«ለ» ላይ የተዋችሁትን ቀሪ ተመልከቱ። 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ ነው። ከአራት ዓመት አንዱን ይነግራችኋል።

የወር በዓላትም ቀን ይሰጣሉ። «ለሚካኤል ዋዜማ» ካሉ 11፣ «በገብርኤል» ካሉ 19፣ «በማርያም» ካሉ 21፣ «በመድኃኔዓለም» ካሉ 27። ትልልቅ የሀገር ክስተቶች ደግሞ ዓመት ያስይዛሉ፦ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ የአብዮቱ ፍንዳታ 1966፣ የመሬት አዋጅ 1967፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባበት ግንቦት 1983። «ልጁ ያረፈው ከዚያ በፊት ነው በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለሙስሊም ቤተሰብ ረመዳን፣ ዐረፋና መውሊድ ተመሳሳይ ጥቅም አላቸው። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ስለዚህ «ረመዳን ክረምት ላይ ነበር» የሚለው ቃል ብዙ ይጠቅማል፤ ረመዳን ወደዚያው ወቅት የሚመለሰው በ33 ዓመት ገደማ ነው።

6. ወደ ደብሩ ሂዱ

በኦርቶዶክስ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ይህ ለፍለጋ ትልቅ መሣሪያ ነው። የልደት ቀን ካላችሁ መዝገቡ ላይ የት አካባቢ እንደምትገልጡ ታውቃላችሁ። የክርስትና ቀን ብቻ ካላችሁ ደግሞ ወደኋላ ቆጥራችሁ ልደቱን ታገኛላችሁ። ጥር 21 የተወለደች ልጅ፣ የልደቷ ቀን እንደ አንድ ሲቆጠር፣ 80ኛ ቀኗ ሚያዝያ 10 ነው። በሕመም ወይም በመንገድ ምክንያት የዘገየ ክርስትና ስላለ ከፊትና ከኋላ ጥቂት ሳምንታት ጨምሩ።

የምትጠይቁት የሰበካ ጉባኤውን ጽሕፈት ቤት ነው። ቅዳሜና እሑድ ወይም በንግሥ ቀን አትሂዱ፤ ሰው የሚያዳምጥበት ጊዜ አይኖረውም። የልጁን የክርስትና ስም፣ የወላጆቹን ስምና የገመታችሁትን ዓመት በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። በቃል ብቻ ከጠየቃችሁ ይረሳል። መዝገቡን ራሳችሁ ካልገለጥኩ ብላችሁ አትከራከሩ፤ የሌሎች ሰዎችም ስም አለበት።

የድሮ መዝገብ የሌለው ደብር ብዙ ነው። ያኔ የቤተሰቡን የነፍስ አባትና የክርስትና እናቷን ቤተሰብ ፈልጉ። የክርስትና ስም በክርስትና እናት ቤት አይረሳም። በካቶሊክና በሚሲዮን አብያተ ክርስቲያናት ያደጉ ቤተሰቦች የጥምቀት መዝገብ የማግኘት ዕድላቸው የተሻለ ነው፤ እዚያ መጀመር ይሻላል።

ክርስትና ሳይነሳ ያረፈ ሕፃን በዚህ መዝገብ አይገኝም። ለእሱ ያላችሁ ምንጭ ደረጃ 2 እና 7 ነው።

7. እድሩን አትርሱ

ሰዎች ከሚዘሉት ሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው። እድር ቀብር ላይ ገንዘብ ያወጣል። ገንዘብ ከወጣ ይጻፋል። የአንድ ሕፃን ሞት በየትም ሳይመዘገብ በእድር ሒሳብ ደብተር ላይ ሊገኝ የሚችለው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ የቤተሰቡ እድር የትኛው እንደነበር ጠይቁ። አንድ ቤት የሰፈር፣ የሴቶችና የመሥሪያ ቤት እድር ሊኖረው ይችላል። ከዚያ የዛሬውን ዳኛ ወይም ጸሐፊ አግኙ። አሮጌው መዝገብ ብዙ ጊዜ በእድሩ ቤት ሳይሆን በቀድሞው ጸሐፊ ልጆች እጅ ነው የሚገኘው። የእኛም እንደዚያው ነበር። የጸሐፊው ልጅ ከአልጋ ሥር ባለ ካርቶን ውስጥ ከድንኳን ገመድ ጋር አስቀምጦት ነበር።

በ1965 ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አንድ መስመር አገኘሁ፦ ሰኔ 8፣ የአያቴ ባል ስም፣ «ለሕፃን ቀብር»፣ 10 ብር። የልጅቷ ስም የለም።

እዚህ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የልጅ ስም ካልተጻፈ የትኛው ልጅ እንደሆነ በሌላ መንገድ ማረጋገጥ አለባችሁ። እኔ አያቴን በዚያ ቤት ሌላ ልጅ አርፎ እንደሆነ ጠየቅኳት። የለም። መስመሩ ክረምት መግቢያ ላይ ነው፤ እሷም «ጭቃ ነበር፤ ቃሬዛ የያዙት ሰዎች እየተንሸራተቱ» ብላ ነግራኛለች። ገጠመ። ልጅቷ የኖረችው ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ገደማ ነው።

8. ቀበሌና ሆስፒታል

ቀበሌ በከተማ የተቋቋመው ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያረፈን ልጅ በቀበሌ ማኅደር አትፈልጉ። ከዚያ በኋላ ከሆነ በቤተሰብ ቅጽ ላይ ስሙ ተጽፎ የተሰረዘ ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ «ከፍተኛ እገሌ ቀበሌ እገሌ» የሚለውን የድሮ አድራሻ ዛሬ በየትኛው ክፍለ ከተማና ወረዳ እንደገባ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ አለበለዚያ ከቢሮ ቢሮ ስትዞሩ ትውላላችሁ።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 ተደንግጎ በሀገር ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ለተወለደና ላረፈ ልጅ የልደትም የሞትም ምዝገባ መኖሩን ወረዳው ላይ ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ደላላ «እኔ የልደት ካርድ አወጣላችኋለሁ» ካላችሁ እምቢ በሉ። ፎርጅድ ወረቀት የዘር ሐረጉን ያበላሻል፤ እናንተንም ያስጠይቃል።

ሆስፒታል ውስጥ የወለደች እናት ካላችሁ የካርድ ቁጥሯን ከድሮ ወረቀት ላይ ፈልጉ። ያለ ቁጥር ካርድ ክፍል መሄድ ብዙም አያስገኝም።

9. መቃብሩ

የትንሽ ልጅ መቃብር ብዙ ጊዜ ሐውልት የለውም። ቦታው ላይ ሌላ ሰው ተቀብሮም ይሆናል። ስለዚህ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። «ከዋርካው በስተግራ፣ ከአያቷ እግር ሥር» የሚል ምልክት ካርታ ይሆናችኋል። ሰፊ ፎቶም ቅርብ ፎቶም አንሱ፤ የቤተ ክርስቲያኑ በር በፎቶው ይታይ። በአንዳንድ አካባቢ ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ከቅጥር ውጭ ይቀበር ነበርና ቅጥር ውስጥ ስላጣችሁት ብቻ የለም አትበሉ።

ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ካገኛችሁ በሽቦ ብሩሽም በአሲድም አትፈትጉት። በውሃ የራሰ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ብርሃኑ በጎን ሲያርፍ የደበዘዘው ፊደል ይነበባል።

10. ልጁ በስደት መንገድ ላይ ያረፈ ከሆነ

በሱዳን በኩል የወጡ ቤተሰቦች ብዙ ልጅ ቀብረዋል። ቤተ እስራኤላውያን በ1976 እና 1977 በኡም ራኩባና በተዋዋ መጠለያዎች ያጧቸው አሉ። እስራኤል የምትኖሩ፣ አብረው የተጓዙትን የሌላ ቤተሰብ ሰዎችና የመንደሩን ቄስ ጠይቁ፤ ወላጅ መናገር ያቃተውን አብሮ የተጓዘ ያስታውሳል። በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ አለ፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ይታሰባሉ። ለፍለጋ ሰው የሚገኝበት ቀን ነው።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ወላጆቻችሁ የሞሉትን የጥገኝነት ማመልከቻ ቅጂ እዩ። ልጆች በሚዘረዘሩበት ክፍል ያረፈውም ልጅ ሊጻፍ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

- *ዓመተ ምሕረትንና የፈረንጁን መቀላቀል።* ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። ጥር 21 ቀን 1962 በፈረንጆቹ ጥር 29 ቀን 1970 ነው። የትኛውን እንደጻፋችሁ ሁልጊዜ አመልክቱ።
- *ሁለት ልጆችን አንድ ማድረግ።* ባረፈው ልጅ ስም ሌላ ልጅ የተሰየመ እንደሆነ በሕይወት ያለው ሰው በስሕተት የሟቹን የልደት ቀን ይዞ ይገኛል።
- *በመጀመሪያው መልስ መርካት።* «ሕፃን ነበር» ማለት የሦስት ሳምንትም የአምስት ዓመትም ሊሆን ይችላል።
- *መንታን መርሳት።* «አንዱ አረፈ» ሲባል ሌላውስ ብላችሁ ጠይቁ።

11. ጻፉት

ለልጁ አንድ ገጽ ስጡት። እያንዳንዱ ነገር ፊት ከሦስቱ ቃላት አንዱን አስቀምጡ፦ *የተጻፈ*፣ *የተነገረ*፣ *የተሰላ*። ከኋላችሁ የሚመጣ ሰው የቱን እንደሚያምንና የቱን እንደገና እንደሚፈትሽ የሚያውቀው በዚህ ነው። የእኔ ገጽ ይህን ይመስላል፦

ልደት፦ ጥር 21 (የተጻፈ፣ ዳዊት)፤ ሐሙስ (የተነገረ፣ አያቴ)፤ 1962 ዓ.ም. (የተሰላ)።
ዕረፍት፦ ሰኔ 8 ቀን 1965 ዓ.ም. (የተጻፈ፣ የእድር መዝገብ፤ ስም የለውም)።
ምክንያት፦ ኩፍኝ (የተነገረ)።
የሚታወስ ነገር፦ ዶሮዎቹን በየስማቸው ትጠራ ነበር (የተነገረ፣ የአያቴ ጎረቤት)።

የመጨረሻዋን መስመር አትዝለሉ። ቀንና ዓመት ብቻ ያለው ገጽ ልጁ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበር አይነግርም። አንዲት የሚያስታውስ ነገር እስክታገኙ ድረስ ጠይቁ።

ገጹን ሁለት ቅጂ አድርጉ። አንዱን ራሳችሁ ያዙ። ሌላውን ለእናትየው አንብቡላትና የተሳሳተ ካለ አሳርሙ። አያቴ የክርስትና እናቷን ስም ያረመችልኝ ያኔ ነው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ዳዊቱ ውስጥ፣ ጥር ፳፩ ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ አስገባችው።